ወንጌል አዳይዋ ፖስተኛ

የእግዚአብሔርን ቃል ለራሱ የሚሰማ ሰው ገና አልተወለደም። ሁላችንም የምንሰማው ለጎረቤት ነው። ብቻ እኛ በሆዳችን የምናደርገውን ባደባባይ የሚያደርግ አንድ ሰው፣ እኛ ካቶሊኮች ቁምስና ከምንለው ከየአጥቢያው አይጠፋም። የእኛዋ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እኛ ያወጣንላቸው ማዕረግ ግን ክብርት ፖስተኛ ነው።

ጠዋት የስፌት መኪናቸውን ሳይነኩ የዕለቱን ንባብ ያነባሉ። ከዚያ እደላው ይጀመራል። ዳቦ ጋጋሪውን፣ "ዛሬ ስለ እርሾ ነው፤ ላንተ ነው። ያንተ ዳቦ እንደሁ እንደ ልብህ አልቦካ ብሏል!" ወንበሩ ላይ የሚያንጎላጀውን ዘበኛ፣ "ንቁ ነው የሚለው፤ ላንተ ነው። ተነስ!"

እኔ የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። በኖራ ስለተለሰኑ መቃብሮች የተነበበ ዕለት በሬ ላይ ቆመው፣ "ዛሬስ ሙሉውን ላንተ ነው" አሉኝ።

"ዝገት ሳይፍቁ ቀለም የሚደርቡት ሌሎች ናቸው!" ብዬ ጮኽኩ።

"አየህ፣ ገና ሳልነግርህ ገባህ።"

እሳቸው ራሳቸው ደግሞ በአንድ ግድግዳ ከሚጎራበቷት ታናሽ እህታቸው ጋር አይነጋገሩም። እናታቸው ሲሞቱ የስፌት መኪናው ለማን ይሁን በሚል ተኳርፈው ይኸው አረጁ። ሰሞኑን ታናሽየዋ ሌላ ከተማ ልጇ ዘንድ ጠቅልላ ልትሄድ ዕቃ ስትሸክፍ፣ ድምፁ በግድግዳው በኩል እየተሰማቸው እሳቸው እጅጌ ይሰፋሉ። አላስቻለኝም።

"እትዬ፣ ለእርስዎ የሚሆን ንባብ የለም እንዴ?"

"ፖስተኛ ለራሱ ደብዳቤ ሲያመጣ አይተህ ታውቃለህ?"

እሁድ ደረሰ። ወንጌሉ፣ መባ ይዞ መጥቶ የተቀየመው ወንድም ትዝ ያለው ሰው መባውን ትቶ ይሂድ፣ አስቀድሞ ይታረቅ የሚለው ነበር። አባ ሰበኩ፤ እኛ እንደ ልማዳችን አንገታችንን ነቀነቅን። ኅብስቱን በሳህን ወደ መሠዊያው የማድረስ ተራው የፖስተኛዋ ነበር። መሀል መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። መዘምራኑ መዝሙሩ አልቆባቸው ደገሙት። አሁንም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ዳር ላይ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞረው ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጡት።

"ያዝልኝማ።"

"ወዴት ነው?"

"አልሰማህም እንዴ? ሂድ ነው የሚለው!"

ወጡ። ቀለም ባልለቀቀው ጥፍሬ ሳህኑን ይዤ ለአባ አደረስኩ፤ ፊቴ እንደ እሳት ይነዳል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ "ሥርዓት የላትም" ይላል። ምን ያስቃል? ይህን ወንጌል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ማን ተነሳ? ሰምተን፣ አሜን ብለን፣ ቂማችንን እንዳቀፍን ቤታችን የምንገባ ሰዎች ስለ ምን ሥርዓት ነው የምናወራው? ከእንግዲህ እኚህን ሴት የሚያማ ጠቡ ከኔ ጋር ነው።

ለቡራኬ ቆመን ሳለ በሩ ተከፈተ። እህታቸውን በነጠላ ጫማ፣ ክንዷን ጨምድደው ይዘው ገቡ። የሁለቱም ዓይን አብጧል።

"ታረቅን" አሉኝ በሹክሹክታ። "ጥፋቷንም አምናለች።"

"ማን ነው ያመነው?" አለች እህት።

"ዝም በይ፣ ቅዳሴ ላይ ነን!"

ጠጋ ብዬ የሁለት ሰው ቦታ ለቀቅኩላቸው።