ጫጩት ማለት ሕፃን ማለት ነው

ገሰሰ፦ «ተኙ» አይባልም አልኩሽ!

ማሚቱ፦ ተኝተዋል እኮ።

ገሰሰ፦ ተኝተዋል። ግን «ተኙ» አይባልም። «በእረፍት ክፍለ ጊዜ ላይ ይገኛሉ» ነው የሚባለው።

ማሚቱ፦ አብኔዘር ያንኮራፋል።

ገሰሰ፦ እሱም በእረፍት ክፍለ ጊዜ ላይ ሆኖ ነው የሚያንኮራፋው!

[ክርክሩ በሹክሹክታ ነው። ቦታው ገርጂ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። ሃያ ሁለት የአራት ዓመት ልጆች ፍራሽ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። ገሰሰና ማሚቱ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ እስኪቃረብ ድረስ በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ገሰሰ የግቢው መዝጋቢ ነው፤ በኢኮኖሚክስ ተመርቆ፣ ቦሌ ለሚ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ፊርማ ሲቆጣጠር ቆይቶ ነው ወደዚህ የመጣው። ማሚቱ የልጆቹ መምህርት ናት። ስትጠየቅ ቶሎ አትመልስም፤ ስለዚህ ገሰሰ ነገር አይገባትም ብሎ ከደመደመ ቆይቷል። ባለቤትየዋ ወይዘሮ ናዲያ አያት ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ልትከፍት ነው። ርዕሰ መምህር የምታደርገው ከዲግሪ በላይ የሕፃናት ትምህርት እየተማረ ያለን ሰው እንደሆነ ተናግራለች፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማስረጃ ልታይ ትመጣለች። ገሰሰ ለዚህ ቀን ሸሚዙን አስተኩሷል። ሦስት ወር የተማረበትን ሞጁልም ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞታል።]

ገሰሰ፦ ስሚኝ፤ ነገ ሰው ቢጠይቅሽ እንዳታፍሪ። ከሕፃናት ጋር ለመሥራት ከዲግሪ በኋላ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ዲግሪሽ በሌላ ነገር ከሆነ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ትወስጃለሽ። እሱ ለጀማሪ ነው። ሁለተኛው መደበኛ ማስተርስ ነው፤ ሥራ ለፈታ ሰው። ሦስተኛው የቅዳሜና እሑድ ማስተርስ ነው። እሱ እንደኔ አገር ለሚፈልገው ሰው ነው።

ማሚቱ፦ ልጆች ያሉት የትኛው ላይ ነው?

ገሰሰ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ማሚቱ፦ ልምምዱ። ልጆች ጋ የሚገባው የትኛው ላይ ነው?

ገሰሰ፦ አየሽ፣ ያንቺ ችግር ይሄ ነው። ማስተርስ ላይ ልጅ የለም። ማስተርስ ላይ ያለው ቲዎሪ ነው።

ማሚቱ፦ ያንተ ማስተርስ ምን ይባላል?

ገሰሰ፦ ኢሲዲ።

ማሚቱ፦ በሲዲ ነው የምትማሩት?

ገሰሰ፦ ኢ! ሲ! ዲ!

ማሚቱ፦ ሲዘረዘርስ?

ገሰሰ፦ ኧርሊ ቻይልድሁድ ዴቨሎፕመንት። ዘርዝርልኝ ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ክፍል ውስጥ እንኳን ማንም ዘርዝሮት አያውቅም።

ማሚቱ፦ ለምን?

ገሰሰ፦ ሁሉም ያውቀዋላ!

[ማሚቱ የአንዷን ልጅ ብርድ ልብስ አስተካከለች። ገሰሰ ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠረውና አዘነላት።]

ማሚቱ፦ ባለፈው ወር ስለ ሙቀት የነገርከኝ ነገር አልገባኝም።

ገሰሰ፦ የቱ?

ማሚቱ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ክፍሉ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ መሆን አለበት ያልከው።

ገሰሰ፦ ግልጽ እኮ ነው። አዲስ ለገባ ሕፃን ሞቅ ያለ አቀባበል ያስፈልገዋል።

ማሚቱ፦ በአምፖል?

ገሰሰ፦ አምፖሉ ፍቅር ነው።

ማሚቱ፦ እስቲ ሞጁሉን ልየው።

ገሰሰ፦ ይከብድሻል። እኔ ላንብብልሽ። [ገልጦ፣ መሀሉ ያለውን ወረቀት እያሳየ] ይሄ አሳይመንቴ ነው፤ ኤ ያገኘሁበት። ለወይዘሮ ናዲያ የማነበው ይሄን ነው። «ጫጩቶች ከስምንት ሳምንት በኋላ ለገበያ ይቀርባሉ።»

ማሚቱ፦ ምኖች?

ገሰሰ፦ ጫጩት ማለት ሕፃን ማለት ነው። ስንቴ ልንገርሽ? ዲፕሎማ ላይ ሕፃን ይባላል። ዲግሪ ላይ ተማሪ ይባላል። ማስተርስ ላይ ስትደርሺ ነገር በቀጥታ አይነገርም።

ማሚቱ፦ ዶክትሬት ላይስ?

ገሰሰ፦ [አሰበ] እንቁላል ሳይሆን አይቀርም። እነሱ ከሥሩ ነው የሚያጠኑት።

ማሚቱ፦ ለገበያ ይቀርባሉ ማለትስ?

ገሰሰ፦ ወደ ኬጂ ሁለት ያልፋሉ።

ማሚቱ፦ [አንገቷን አስግጋ] «በኪሎ እየተመዘኑ» ይላል።

ገሰሰ፦ ምዘና ነዋ! ተከታታይ ምዘና ሲባል ሰምተሽ አታውቂም?

ማሚቱ፦ «አውራዎቹ ለበዓል ተለይተው ይቀመጣሉ» የሚለውስ?

ገሰሰ፦ በዓል ሲመጣ ለወላጅ መዝሙር የሚዘምሩት ወንዶች ናቸው።

ማሚቱ፦ «ከመቶ አምስቱ ቢሞቱ የሚጠበቅ ነው።»

ገሰሰ፦ [ግራ ቀኙን አይቶ] ይሄ ወላጅ ስብሰባ ላይ አይነበብም። ትምህርት ያቋረጡ ማለት ነው።

ማሚቱ፦ ቢሾፍቱ ለልምምድ የወጣችሁ ጊዜስ ምን አያችሁ?

ገሰሰ፦ ጫጩት። ሁለት ሺህ ጫጩት መሀል ቆሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማስታወሻ ያዝኩ። ጫማዬ እስካሁን ይሸታል።

ማሚቱ፦ እውነተኛ ጫጩት?

ገሰሰ፦ ክንፍ ያለው።

ማሚቱ፦ ሕፃን አልነበረም?

ገሰሰ፦ አንድ የዘበኛው ልጅ ነበር። አስተማሪያችን አቶ አብዱልገኒ «ይሄን ልጅ ከዚህ አውጡልኝ፣ ያስደነግጣቸዋል» ብለው አስወጡት።

ማሚቱ፦ የሕፃናት ትምህርት ላይ ሕፃኑ ተባረረ?

[እንደ እውነቱ ከሆነ ያን ዕለት ገሰሰም ትንሽ ቅር ብሎት ነበር። ግን አርባ ሰው በዝምታ ጫጩት እያየ ማስታወሻ ሲይዝ፣ እጁን አውጥቶ «ሕፃኑስ?» ብሎ የሚጠይቅ የመጀመሪያው ሰው መሆን አልፈለገም።]

ገሰሰ፦ [ሹክሹክታውን ረስቶ] ለንጽጽር ነው! ለን-ጽ-ጽር!

[አብኔዘር ብድግ ብሎ ተቀመጠ። አፉን ለልቅሶ አዘጋጀ።]

ገሰሰ፦ አብኔዘር፣ በእረፍት ክፍለ ጊዜ ላይ ነህ!

[አብኔዘር ልቅሶውን ለቀቀው። ሦስት ፍራሽ ወዲያ ሌላ ልጅ ተገላበጠች። ማሚቱ ምንም ሳትል አብኔዘርን ብድግ አድርጋ ገሰሰ ጭን ላይ አስቀመጠችውና የገሰሰን መዳፍ ወስዳ የልጁ ጀርባ ላይ አኖረችው። እዚያው እንዲያቆየው በዓይኗ አዘዘችው። ልቅሶው ወደ ሳግ ወረደ። ገሰሰ እጁ ስለተያዘ ሞጁሉ ከደረቱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።]

አብኔዘር፦ [ሽፋኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያየ፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ] ዶሮ።

ገሰሰ፦ አርማ ነው፣ አብዬ። የሕፃን አርማ ነው።

አብኔዘር፦ ዶሮ።

[ብሎ ገሰሰ ሸሚዝ ላይ ተኛ። ማሚቱ ሞጁሉን አነሳች። ሽፋኑን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ቀስ እያለች አነበበች።]

ማሚቱ፦ ገሰሰ።

ገሰሰ፦ አቤት።

ማሚቱ፦ ኢሲዲ እዚህ ተዘርዝሯል።

ገሰሰ፦ እሺ።

ማሚቱ፦ «ኢንተርፕራይዝ ኤንድ ኮሙዩኒቲ ዴቨሎፕመንት። የመጀመሪያው መንፈቅ የተግባር ምሳሌ፦ ዶሮ እርባታ።»

[አብኔዘር አንኮራፋ።]

ገሰሰ፦ ሲው... ኮሙዩኒቲ ነው?

ማሚቱ፦ ኢውም ሌላ ነው።

ገሰሰ፦ ዲውስ?

ማሚቱ፦ ዲው ላይ ልክ ነህ።

[የገሰሰ ጆሮ ጋለ። አሥራ ሁለት ቅዳሜ ታየው። ለእናቱ ስልክ ደውሎ «ሕፃናት ላይ ስፔሻላይዝ እያደረግሁ ነው» ያለው፣ እናቱም ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሰው «ልጄ የሕፃናት ሐኪም ሊሆን ነው» ማለታቸው፣ እሱም ሳያርማቸው መቅረቱ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣበት። ተነስቶ እንዳይወጣ ጭኑ ላይ ሰው ተኝቷል።]

ገሰሰ፦ ኤ አግኝቼ ነበር እኮ።

ማሚቱ፦ ዶሮ ይገባሃል ማለት ነዋ። እሱም እውቀት ነው።

ገሰሰ፦ ደብቂልኝ። ሞጁሉን ከብርድ ልብሱ ሥር ክተቺልኝ። በእማምላክ!

[ማሚቱ ሞጁሉን ከብርድ ልብሶቹ ሥር ስትከት በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ናዲያ ናት። ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ በካልሲ፣ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ገባች።]

ናዲያ፦ [በሹክሹክታ] እሺ። አያት ያለው ቤት ቀለሙ ደርቋል። ማስረጃ የያዘው ማነው? ገሰሰ፣ አንተ ስትማር ነበር አይደል?

ገሰሰ፦ እኔ... አዎ። ግን ገና ዲው ላይ ነኝ።

ናዲያ፦ ዲ ምንድን ነው?

ገሰሰ፦ ዴቨሎፕመንት። የቀረው... ይቀራል።

ናዲያ፦ ሌላስ ሰው?

[ማሚቱ እንደ ልማዷ ቆየች። ከዚያ ከከለር እርሳሶቹ ሣጥን ሥር አንድ ፖስታ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ናዲያ ገልጣ አነበበች፤ ደግማም አነበበች።]

ናዲያ፦ ይሄ ያንቺ ነው?

ማሚቱ፦ አዎ፣ ወይዘሮ ናዲያ። ዲግሪዬ ሶሲዮሎጂ ስለነበር መጀመሪያ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማውን ጨረስኩ። አሁን የሕፃናት ትምህርት ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። በየቅዳሜው ነው የምሄደው። የልምምዴን ማስታወሻ የያዝኩት ከእነዚህ ልጆች ላይ ነው፤ ወላጆቻቸው ፈርመው ፈቅደውልኛል።

[ገሰሰ ቀና ብሎ አያት። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሦስቱን መንገዶች ሲያስረዳት፣ እሷ ሁለቱን ሄዳባቸው ነበር። ልጁ እንዳይነቃበት ባይፈራ፣ ወለሉ ቢውጠው ደስ ባለው።]

ናዲያ፦ በቃ፤ አያትን አንቺ ትይዣለሽ። ከሰኞ በኋላ ሄደን ክፍሎቹን አሳይሻለሁ። ግን እስከ ዛሬ ምን ዝም አሰኘሽ? ስጠይቅ ሁለት ወር ሆነኝ።

ማሚቱ፦ ባለፈው ወር ልነግርዎት ተነስቼ ነበር። የዚያን ቀን ገሰሰ ስለ ጫጩት አስረዳኝ።

ናዲያ፦ ስለ ምን?

ማሚቱ፦ ጫጩት። ደነገጥኩ። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስማር ጫጩት አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ዘለውብን ይሆናል፣ ሳላውቀው ልጆቹን በድያቸው ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ቅዳሜ አማካሪዬ ቢሮ ሄጄ «ሕፃንን ጫጩት ማለት የምንጀምረው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ናዲያ፦ ምን አሉሽ?

ማሚቱ፦ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጫጩት ማለት ሕፃን ማለት ነው ብሎ የነገረሽ ሰው ማነው?» አሉኝ።

[ናዲያ ወደ ገሰሰ ዞረች። ገሰሰ የአብኔዘርን ጀርባ በጣም በጥንቃቄ ማሻሸት ጀመረ። ማሚቱ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮው ተጠጋች።]

ማሚቱ፦ [በሹክሹክታ] አይዞህ። ለአማካሪዬ ስምህን አልነገርኳቸውም።