እጀታው በውስጥ የሆነ ሳጥን

ትናንት ማታ በሕልሜ የሳጥኑ እጀታ በውስጥ በኩል ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ግን ክዳኑ ከላዬ ከተዘጋ በኋላ ነው።

«ይቅርታ» አልኩ በቀዳዳው። «እጀታው እኮ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ ማን ሊሸከምሽ ነው? ራስሽን ተሸከሚ እንጂ» አለኝ አንድ ቲማቲም።

ሰማያዊ ጋዋን ለብሶ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል። ጆሮ ከየት እንዳመጣ አልጠየቅኩትም። ሜዳው በሙሉ ሰው በሚያሽጉ ቲማቲሞች ተሞልቶ ነበር። እያንዳንዳችንን በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ይመርጡናል። ጎረቤቴን እትዬ ዘነቡን ጉንጫቸውን ጫን አደረጉና «ይቺ ለስልስ ነው የምትሆነው» አሉ።

«ስልስ እናትህ ትሁን!» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«እናቴማ ሆናለች» አለ ቲማቲሙ አንገቱን ደፍቶ። ሁላችንም ነፍስ ይማር አልን።

የበሰልነውን ከላይ፣ ጠንካራ ጠንካራውን ከታች ደረደሩን። ሃያ ሳጥን አንዱ በአንዱ ላይ። እኔ ከሁሉም በላይ ነበርኩ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ ልጄ ሲፈን። ያለችበት ሳጥን የራሷ ሥራ ነው። ሲፈን ከመቂ ቲማቲም የሚያመላልስ፣ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ እንደ ደብተር የሚታጠፍ ሳጥን ትሠራለች። እንዲቀል ብላ ጎኑን ስስ አደረገችው፤ እንዳይጨፈለቅ ብላ ደግሞ ከውስጥ አብረውት የሚታጠፉ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ደጋፊዎች ገጠመችለት። ለዚህ ስትል ደመወዝ ያለው ሥራዋን ለቃለች። በነጋታው የገበሬዎች ማኅበር ሰዎች መጥተው ሃያ ሳጥን ሊደረድሩበት ነው። ከቻለ ያዝዛሉ፤ ካልቻለ ልጄ ሥራም የላት፣ ሳጥንም የላት። ይሄ በሕልም አይደለም፤ እውነት ነው። ሕልሙን ያበላሸብኝም እሱ ነው።

የተጫንንበት አይሱዙ ተነሣ። ተነሣ ስል ቆመ ማለቴ ነው፤ የሄደው መንገዱ ነው። አስፋልቱ ከሥራችን እየተጎተተ ወደ ኋላ ሸሸ። የቆቃ ሐይቅ እያለከለከ በአጠገባችን ሮጦ አለፈ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን ነፍቶ ራሱን አስቆመና መንጃ ፈቃዱን ለሾፌሩ አቀበለው።

«ምን አጠፋህ?» አለው ሾፌሩ።

«ቆሜ ተገኘሁ።»

«ለመጀመሪያ ጊዜ ነው?»

«ኧረ ሁልጊዜ ነው የምቆመው።»

ሾፌሩ መክሮ ለቀቀው።

ወዲያው አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነበርን። በግድግዳው ጥግ የተራገፉ ሰዎች ለመመለሻ ታጥፈው ተደርድረዋል። መሀላቸው ባለቤቴን ድሪባን አየሁት፤ ጉልበቱ ከአገጩ ገጥሞ ልክ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ።

«ድሪባ! ማነው ያጠፈህ?»

«ራሴ ነኝ። ቦታ እንዳልይዝ ብዬ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጋውን በሰያፍ ይዞ የተኛ ሰው ነው ይህን የሚለኝ! ልመልስለት ስል ከታች አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ቂው።

«ሲፈን! ምንድን ነው እሱ?»

«እማዬ፣ ከላዬ ውረጂ!»

«ከላይሽ እኮ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው ያለው!»

«ሌሎቹ ይቻላሉ!»

እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩና ራሴን ከነሳጥኔ ተሸክሜ ወረድኩ። ባለ ጋዋኑ ቲማቲም ከታች ጠበቀኝ።

«እኔ ደጋፊ ልሁናት» አልኩት። «ከውስጥ አስገቡኝና ጎኑን ልያዝላት።»

«መጀመሪያ ትመዘኛለሽ። ደጋፊ ቀላል መሆን አለበት።» ሚዛን ላይ አወጣኝ። «ሰባ ሁለት ኪሎ። ከነሐሳብሽስ?»

መርፌው ዞረ፣ ዞረና ሁለት መቶ አሥር ላይ ቆመ።

«አራግፊ» አለኝ።

ምን ይደረግ፣ ከጉያዬ እያወጣሁ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ሲሊንደሩ ቢያፈስስ የሚለውን አወጣሁ። ባጃጁ ቢገለበጥስ። ያ የሳል ነገር ሌላ ቢሆንስ። ውሻው አብዶ ቢሆንስ። እያንዳንዱ ሲወድቅ ወለሉ ድም ይላል። እትዬ ዘነቡ ከሳጥናቸው ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው «ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ ነው ቤቴ እየመጣሽ ወንበሬን የምትሰብሪው?» አሉኝ።

አንድ ብቻ ቀረ። በጭብጤ ይዤዋለሁ።

«እሱስ?» አለ ቲማቲሙ።

«ሳጥኑ ነገ ባይችልስ የሚለው ነው። እሱን አልሰጥም፤ እናት ነኝ።»

«እሱ ብቻውን መቶ ኪሎ ነው። እጅሽን ክፈቺ።»

«አልከፍትም!»

ቂው፣ ቂው፣ ቂው አለ ሳጥኑ። ሲፈን ከታች «እማዬ! ክፈቺ!» ትላለች። ቲማቲሞቹ ሁሉ ተሰብስበው «ክፈቺ! ክፈቺ!» ይላሉ። እኔ ጭብጤን አጠበቅኩ።

«እማዬ! ክፈቺ! በሩን!»

ነቃሁ።

የተቀመጥኩት በሲፈን ናሙና ሳጥን ላይ ነበር። ልጅት ያለንን አንድ ቁልፍ ይዛ ወርክሾፕ አምሽታ፣ አባቷም ሊያመጣት ወጥቶ፣ ሌባ ቢገባስ ብዬ ሳጥኑን በበሩና በቁምሳጥኑ መካከል ወትፌ ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ከውጭ ሲፈን፣ ድሪባና እትዬ ዘነቡ ሦስቱም በትከሻቸው በሩን ይገፋሉ።

«ሞታ ይሆን እንዴ?» ይላል ድሪባ።

«የሞተ ሰው አያንኮራፋም፤ ግፋ!» ይላሉ እትዬ ዘነቡ።

ዘልዬ ተነሣሁና ሳጥኑን ጎትቼ አወጣሁት። ሦስቱም ተከታትለው ገቡ። ሲፈን ደህና ነሽ ወይ እንኳን አላለችኝም፤ ተንበርክካ የሳጥኑን ውስጥ በጣቷ ዳሰሰች።

«አባዬ፣ ለምን ያህል ጊዜ ገፋነው?»

«ግማሽ ሰዓት! ትከሻዬ ወልቋል!»

«በሩን ሰንጥቃችሁታል» አልኩ፤ እውነትም ሳንቃው መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ ነበር።

«በሩ ነው የተሰነጠቀው» አለች ሲፈን ቀስ ብላ። «ሳጥኑ ምንም አልሆነም። አንድም ደጋፊ አልጎበጠም።»

«ነገ ግን ሃያ ነው የሚደረድሩት» አልኳት።

«እማዬ፣ የሚደረድሩት ቲማቲም ነው። አንቺን አይደለም።»

እትዬ ዘነቡ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲፈን ደጋፊዎቹን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ሳጥኑን እንደ ደብተር ዘግታ በብብቷ ያዘችና የተሰነጠቀውን በር ከውስጥ ሁለት ዙር ቆለፈችው።