ሰኞ የጮህኩለት ጥጃ

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ጊንጪ ላይ ስሜ የጠፋው ያን ሰዓት ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ ግን ጨርሳችሁ ሳቁ!

እንስሳት ሳይንስ ተመርቄ አንድ የወተት እርባታ ውስጥ ሰልጣኝ ነኝ። ሥራዬ ጥጃ መንከባከብ። ችግሬ ዓይን አፋርነት። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ» ማለት አፍሬ ቤቴን አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ!

ባለፈው ሐሙስ ማታ ቡሬ የምትባለው ላም ጥጃ ተቅማጥ ጀመረው፤ ወተቱንም ተወ። የእርባታውን ባለቤት ኦቦ ቶሌራን ከእራት ማስነሳት አፈርኩ። ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ጠዋት ጥጃው የለም።

ኦቦ ቶሌራ አልተቆጡም። (ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር!) «ሁለተኛ ትንሽ ነገር ካየሽ ጩኺ፤ እኔ እመጣለሁ» ብቻ አሉኝ።

አንጀቴ እንዳረረ ለእረፍት አምቦ ቤተሰቦቼ ጋ ሄድኩ። እሁድ ማታ ተመለስኩ።

እና ሰኞ ንጋት በረት ገባሁ። መብራት የለም፤ ያው እንደተለመደው። በስልኬ ባትሪ ሳይ ቡሬ አጠገቧ የቆመ ጥጃ ትልሳለች። ሌላ ጥጃ አላመዷት ማለት ነው! መልኩ እንኳ የሟቹ ቁርጥ! ከየት አገኙት ብዬ አደነቅኩ።

ግን አይንቀሳቀስም። ጆሮውን ነካሁት። በረዶ!

ጥንቁቅ ነኝና ጭራውን አንስቼ ቴርሞሜትር ከተትኩ። ትንሽ ኮሰኮሰኝ፤ በድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት። ንባቡ «ሎው» አለ። ከመለኪያው በታች!

ጮህኩ። «ኦቦ ቶሌራ! ድረሱ! ቆሞ ሞተ!»

ኦቦ ቶሌራ ብርድ ልብስ እንደተከናነቡ እየሮጡ መጡ። አላቢዋ አዴ ጫልቱ ባልዲያቸውን ጥለው «ማል ታቴ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ?» እያሉ ተከተሉ።

ኦቦ ቶሌራ እኔን አዩ። ጥጃውን አዩ። ቴርሞሜትሩን መዘዙት። ጫፉ ላይ ገለባ ተንጠልጥሏል።

«ሐኪሟ፣ ይሄኛው እንኳ አይሞትብሽም» አሉኝ።

አዴ ጫልቱ በሳቅ ፈረሱ። «የዚያኛው ጥጃ ቆዳ እኮ ነው! ገለባ ጠቅጥቀን፣ ጨው ቀብተን አቆምንላት። እሱን ካልላሰች ወተት መች ታወርዳለች!»

ወተት ስለሚያወርደው ሆርሞን ተምሬ ኤ አግኝቻለሁ። ገለባ ፈተና ላይ አልመጣም!

ምሳ ሰዓት ላይ ወተት የሚያመላልሰው ባለሞተር ሳይቀር «ሲስተር፣ በሽተኛው እንዴት ዋለ?» አለኝ። ስሜን እንኳ አያውቅም!

ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥጃ ወተቷን ተወች። ጆሮዋ ወድቋል፤ ጭራዋ ርሷል።

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። የአዴ ጫልቱ ሳቅ ከወዲያ በኩል ይሰማኛል።

መጀመሪያ ቆነጠጥኳት። (ምን ላድርግ? ይጣራ!) እምቧ አለች።

ጮህኩ።

«ዛሬ ደግሞ በምን ተሞልታ ነው?» እያሉ፣ ሁለቱም እየሳቁ መጡ። ኦቦ ቶሌራ ተንበርክከው ዓይኗን ገልጠው አዩና «ውሃ አሙቁ!» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው፤ በሌላው ኦአርኤስ የተበጠበጠበት ጠርሙስ ይዣለሁ። ግማሹን ጠጥታለች።

እናንተዬ፣ እየሳቁም ቢሆን ከመጡ፣ መጡ ማለት አይደል?