አያ አሕመድኑር ያልገቡበት ጠብ

በየሰፈሩ ሳይጠሩት የሚያስታርቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛ የመካነ ሰላሙ ግን ከሁሉም ይብሳል። ክቡር አያ አሕመድኑር ባልና ሚስት ጮክ ብለው ሲሳሳቁ እንኳ ከሰሙ ከዘራቸውን ይዘው ከተፍ ነው።

"በሉ አውፍ ተባባሉ!"

"አያ፣ እኛ እኮ አልተጣላንም!"

"ኋላ ለምትጣሉት ይሁናችኋ!"

ገበያ ላይ አህዮች ቢራገጡ ባለቤቶቹን አስታርቀዋል። እኔና ጎረቤቴ ወርቄ በዶሮ ስንነታረክማ፣ ጠቡ ገና ሳይጣፍጠን ደረሱብን። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሳያቸው በጓሮ እሾልክ ነበር።

ዘንድሮ የልጅ ልጄን የኔአለምን የደም ካንሰር ያዛትና ህንድ አገር ሄደች። እህቷ መቅደላዊት አብራት ሄዳ መቅኔዋን ሰጠቻት። እልል አልን። በወሩ ግን የልጅቱ ቆዳ እሳት የነካው መሰለ፤ ሆዷም አልረጋ አለ። መቅደላዊት እያለቀሰች ደወለች።

"እምዬ፣ ከኔ የሄዱት የደም ሕዋሳት ገላዋን እንደ ባዳ ቆጥረው እየወጉት ነው።"

ስልኬ ጮክ ብሎ ስለሚናገር አያ አሕመድኑር በአጥሩ ሰምተዋል። ገብተው ወደ ስልኩ ጮኹ።

"ልጄ፣ ምን ቂም ይዘሽባታል?"

"ኧረ ምንም፣ አያ!"

"እስቲ አስቢ።"

"ልጅ ሆነን አዲስ ቀሚሴን ቀድዳብኝ ነበር..."

"ይኸው! አውፍ በያት!"

"ደም ቂም አያውቅም እኮ፣ አያ! ሐኪሙ እንዳለው ከሕዋሳቱ ውስጥ ተዋጊ አለ፣ ጠብ አብራጅም አለ። አሁን ተዋጊው በዝቶ አብራጁ አንሷል።"

አያ ብድግ አሉ። "አብራጅ? ደም ውስጥ?"

"አዎ። ተዋጊውንም ጨርሰው አያጠፉትም፤ የተረፈ ካንሰር ካለ የሚለቅመው እሱ ነው። በመድኃኒት ማብረድ ብቻ ነው።"

"ሰማሽ ወይ! ያስታርቁታል እንጂ አይገድሉትም! እኔ እኮ ነኝ ውስጧ ያለሁት!" ከዘራቸውን እየወዘወዙ ግቢዬን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ አንድ ብቻ ሆነ፦ "እመቤቴ፣ በልጄ ደም ውስጥ ሳይጠሩት የሚመጣ አሕመድኑር አብዢልኝ።"

ትናንት ጠዋት የኔአለም መልእክት ላከች። ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ "ቆዳዬ ጠርቷል። እህል ቀመስኩ፤ ሆዴም ረጋ።"

እየሮጥኩ ወጣሁ። "አያ! አበረዱት!"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ግን ተክዘው ደጃቸው ላይ ተቀመጡ። ሰፈሩ ሁሉ ሰላም ነው፤ ሥራ ፈትተዋል።

አላስቻለኝም። ወደ ወርቄ አጥር ዞሬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮኽኩ፦ "አንቺ ወርቄ! ያቺ ዶሮሽ ዛሬም ጓሮዬን ጫረችው!"

"ውሸታም!" አለች ወርቄ፣ ሳቋን አፍና።

ከኋላዬ የከዘራው ኳኳታ ሲፈጥን ሰማሁ።