የአሜሪካ ታሪክና የኑርዬ በሬ

[የሰኔ ማለዳ ነው። ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ አምባሰል ውስጥ ያለ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት። አስረስ የማኅበሩ የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ ነው፤ ደሴ ሦስት ሳምንት ሠልጥኖ ከመጣ ወዲህ ደረቱ በበር አልገባ ብሎታል። አብሮ አደጉ ኑርዬ ገመድ ይዞ ፊቱ ቆሟል። ከቤቱ ጀርባ፣ በረት ውስጥ፣ በሬ ያጓራል።]

አስረስ፦ በላ!

ኑርዬ፦ ቀመሰ።

አስረስ፦ በላ ነው የምልህ! የአምራቾች ማኅበሩን ገብስ ከዳር እስከ ዳር ነው የበላው!

ኑርዬ፦ ወላሂ ቀመሰ እንጂ አልበላም። በሬዬን ጉራችን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሲበላ ቀና አይልም። ጠባቂዎቹ ሲደርሱ ቀና ብሎ ነበር አሉ።

አስረስ፦ ቀና ያለው እየዋጠ ነዋ!

ኑርዬ፦ የማኅበር ገብስ መሆኑን በምን ይወቅ? ስብሰባ አይገባ!

አስረስ፦ አንተስ መቼ ገባህ?

ኑርዬ፦ ተው እንጂ አስረስ። ዝናቡ ጥሏል፣ መሬቱ ርሷል። ድርቁ ያስተረፈልኝ በሬ እሱ ብቻ ነው። ከጎረቤቴ ከከበደ በሬ ጋር አቀናጅተን ነው የምናርስ። ጉራች እዚህ ከታሰረ የከበደም በሬ ቆመ ማለት ነው። ጁምዓ እኔ አላርስ፣ ሚካኤል እሱ አያርስ፤ የተረፈችውን ቀን ደግሞ አንተ ልትወስድብን ነው? ይህ ዘር ካለፈኝ ልጆቼን ምን አበላለሁ?

አስረስ፦ ጓድ አስረስ በል።

ኑርዬ፦ ጓድ አስረስ። አንቱ ልበልህ ይሆን?

አስረስ፦ ጓድ ከተባለ አንቱ የለም። እኩል ነን።

ኑርዬ፦ እኩል ከሆንን በሬዬን ፍታልኝ።

አስረስ፦ እኩል የሆነው በመርሕ ደረጃ ነው። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስማ፣ ልትረዳኝ ትችላለህ። ነገ ከደሴ ካድሬ ይመጣል። እኔ ደግሞ «የአሜሪካ ሕዝብ የትግል ታሪክ ዐበይት ምዕራፎች» በሚል ርእስ ንግግር አደርጋለሁ። ካማረልኝ ለትምህርት ሞስኮ ነኝ።

ኑርዬ፦ ካላማረስ?

አስረስ፦ ሰሜን።

ኑርዬ፦ ወልድያ?

አስረስ፦ ጦር ሜዳ ነው የምልህ! እና ንግግር ካለ ከሕዝብ ጥያቄ መነሣት አለበት። ካልተነሣ «ሕዝቡን አላነቃህም» ይሉኛል። ጥያቄውን እኔ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ትጠይቀኛለህ፣ እኔ እመልሳለሁ።

ኑርዬ፦ ጥያቄው ከሕዝብ ከሆነ አንተ ለምን ትሰጠኛለህ?

አስረስ፦ ሕዝቡ እንዳይሳሳት ነዋ! አሳምረህ ከጠየቅህ፣ ስብሰባው እንዳለቀ በሬህ ይፈታል።

ኑርዬ፦ አሁን ተፈትቶ በኋላ ብጠይቅስ?

አስረስ፦ አልሁህ እኮ! በል እጅህን አውጣ።

[ኑርዬ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ዐይኑን ይጨፍናል።]

አስረስ፦ ምን ሆንክ?

ኑርዬ፦ እጅህን አውጣ አላልከኝም?

አስረስ፦ ይኼ ለዱዓ ነው! አንዱን! ጣትህን ብቻ!

ኑርዬ [ጣቱን አውጥቶ]፦ ጓድ፣ የአሜሪካ ሕዝብ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ለምን ተነሣ?

አስረስ [ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለሺህ ሰው እንደሚናገር]፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! ንጉሡ ሳያማክረው ግብር ስለጫነበት ነው! ሻዩን ሳይቀር ቀረጠበት! ቆራጥ ታጋዮችም በሌሊት መርከብ ላይ ወጥተው ሻዩን ባሕር ውስጥ ደፉት!

ኑርዬ፦ ሱብሃነላህ! ስኳሩንም?

አስረስ፦ ቅጠሉን ነው የምልህ!

ኑርዬ፦ እንዲያ በል! ስኳር ከማኅበር ሱቅ ሲጠፋ ጊዜ ነው ለካ። ያለ ስኳርማ እኔም እደፋዋለሁ።

አስረስ፦ በግብሩ ነው የተነሡት! ሳይማከሩ!

ኑርዬ፦ ቆይ፣ ባለፈው ለእናት አገር ጥሪ ስናዋጣ እኛን ማን አማከረን?

አስረስ፦ የኛ ይለያል። ሰፊው ሕዝብ ራሱ ነው የወሰነው።

ኑርዬ፦ እኔ የትኛው ነኝ?

አስረስ፦ አንተም ሰፊው ሕዝብ ውስጥ ነህ።

ኑርዬ፦ አሃ። እንግዲያ የወሰንሁት በሌለሁበት ነዋ!

አስረስ፦ ለዚህ እኮ ነው ስብሰባ ግባ የምልህ! ይህን ነገ አታነሣም። ወደ ሁለተኛው እንለፍ። «የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ቀይ ሕንዶች፣ ምን ደረሰባቸው?» በል።

ኑርዬ፦ ምን ደረሰባቸው?

አስረስ፦ መሬታቸውን ተቀሙ! መንግሥት በወታደር እያጀበ፣ ልጅ ዐዋቂ ሳይል፣ ከአባቶቻቸው ቀዬ ነቅሎ ወደማያውቁት ሩቅ አገር ነዳቸው! በየመንገዱ አለቁ!

ኑርዬ፦ ሰፈራ ነዋ!

አስረስ [ዘሎ መስኮቱን ይዘጋል]፦ ምን አልክ?

ኑርዬ፦ ጎረቤቶቻችንን፣ እነ ኢስሃቅን፣ እንዲሁ አይደል አምና በመኪና ጭነው የወሰዷቸው?

አስረስ፦ የኛ በፈቃደኝነት ነው!

ኑርዬ፦ አውቃለሁ። ኢስሃቅ በፈቃደኝነት ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

አስረስ፦ ኑርዬ! ሰው ይሰማናል! ሕንዶቹን ተዋቸው፣ ሠርዣቸዋለሁ። በቃ አልነበሩም። [ወረቀቱን እያገላበጠ] የእርስ በርስ ጦርነቱን እንያዝ፤ እሱ አያስቸግርም። ሰሜንና ደቡቡ አራት ዓመት ተዋጉ...

ኑርዬ፦ ወንድማማች?

አስረስ፦ አዎ፣ ያንድ አገር ልጆች። ወንድም ወንድሙን ገደለ።

ኑርዬ፦ አባጋር አልነበራቸውም?

አስረስ፦ ምን?

ኑርዬ፦ አባጋር ነዋ፣ ደም የሚያስታርቅ! የኛዎቹ ሰዎች በወሰን ተጋድለው ሳለ እነ አባጋር መሐል ገብተው፣ ለዱዓ ወዳጃ ተቀምጠው፣ እስላም ክርስቲያኑ አሚን ብሎ አልታረቁም? ያን ሁሉ ሰው አራት ዓመት ሙሉ «ተዉ» የሚል አንድ ሽማግሌ ይጥፋ? ምን ዓይነት ባለጌ አገር ነው?

አስረስ፦ ሽምግልና የፊውዳል ርዝራዥ ነው። ቅራኔ የሚፈታው በትግል ነው።

ኑርዬ፦ እና በአራት ዓመት ተፈታላቸው?

አስረስ፦ አዎ።

ኑርዬ፦ ደጎች ናቸው። የኛ ሰሜን ስንት ዓመቱ ነው?

አስረስ [ላቡን እየጠረገ]፦ ሰሜንና ደቡብ የሚል የለም! ጦርነቱ... በምሥራቅና በምዕራብ ነበር! እሺ? ዋናው ውጤቱ ነው። ባሪያዎቹ ነፃ ወጡ። አሁን እስቲ ከልብህ የመጣ፣ ንጹሕ የገበሬ ጥያቄ ጠይቀኝ።

ኑርዬ [ትንሽ አስቦ]፦ ነፃ ሲወጡ በሬ ተሰጣቸው?

አስረስ፦ አልተሰጣቸውም! መሬትም በሬም አልተሰጣቸውም!

ኑርዬ፦ ታዲያ በምን አርሰው በሉ?

አስረስ [በደስታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ]፦ ይኼ ነው ጥያቄ! ኑርዬ፣ ነቅተሃል! ልክ እንደዚህ ጠይቀኝ። እኔም እንዲህ እላለሁ፦ የገበሬን በሬ ይዞ «ነፃ ነህ» የሚል ሥርዓት ሥርዓተ ብዝበዛ ነው! በሬውን የነጠቀ ሁሉ የሕዝብ ጠላት ነው! ካድሬው ያጨበጭባል!

ኑርዬ፦ ያጨበጭባል?

አስረስ፦ ይቆማል እንጂ!

ኑርዬ፦ እሱ ቆሞ ሲያጨበጭብ «የኔስ በሬ?» ልበል?

[ከጀርባ በሬው ያጓራል።]

አስረስ፦ አትልም።

ኑርዬ፦ በልቤ ያለ ከሆነስ? ከልብህ ጠይቅ ብለኸኛል።

አስረስ፦ በሬውንም ሠርዣለሁ። ባሪያም የለም፣ በሬም የለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለህ፦ «ኢምፔሪያሊዝም ዛሬ ምን ይመስላል?»

ኑርዬ፦ እሱን እንኳ አላውቀውም። በድርቁ የበላነው ስንዴ ከየት የመጣ ነበር?

አስረስ፦ ከ... ከልዩ ልዩ አገሮች።

ኑርዬ፦ ከረጢቱ ላይ እጅ ለእጅ የተጨባበጡበት ሥዕል ያለው? ሰዉ ሁሉ የአሜሪካ ነው ብሎ ሲበላ ነበርሳ። ሚስትህም ከከረጢቱ መጋረጃ ሰፍታለች።

አስረስ፦ ስንዴውን የሰጠን ሕዝቡ ነው! እዚህ ላይ ጠንቀቅ በል። የአሜሪካ ሕዝብ ጥሩ ነው፤ መጥፎው መንግሥቱ ነው። ሕዝብና መንግሥት አይምታቱብህ!

ኑርዬ፦ ሕዝቡ ጥሩ፣ መንግሥቱ መጥፎ።

አስረስ፦ ጎሽ!

ኑርዬ፦ እሺ፣ ሕዝቡ ጥሩ መንግሥቱ መጥፎ የሆነበት አገር ምን ይሻለዋል?

አስረስ [በስብሰባ ድምፁ፣ ጡጫውን ወደ ላይ አንሥቶ]፦ ይነሣል! ሕዝቡ ሆ ብሎ በመንግሥቱ ላይ ይነ... [ጡጫው አየር ላይ ይቀራል።]

ኑርዬ፦ ይነ... ምን? አልሰማሁህም፣ እጀምረዋለሁ እንደገና። ጓድ፣ ሕዝቡ ጥሩ ሆኖ...

አስረስ፦ በልጆችህ! ተው! ነገ ስብሰባው ላይ አትመጣም።

ኑርዬ፦ እንዴት አልመጣም? የቀረ ፀረ አብዮት ነው ያልከው አንተ አይደለህም?

አስረስ፦ ታሟል እላለሁ።

ኑርዬ፦ ደህና ነኝ እኮ፣ አልሐምዱሊላህ። ውሸት ሐራም ነው።

አስረስ፦ ሂድና እረስ! ምርት ላይ ነው እላለሁ! ማረስ ራሱ አብዮታዊ ግዴታ ነው!

ኑርዬ፦ በምን?

አስረስ፦ በበሬህ ነዋ!

ኑርዬ፦ እሱ እኮ በልቷል።

አስረስ፦ ቀምሶ ነው!

ኑርዬ፦ ከዳር እስከ ዳር...

አስረስ፦ ቀመሰ አልሁ! ዐይቼዋለሁ፣ ቀና ብሎ ነበር! ያን ገመድ ይዘህ ሂድ፣ ፍታው፣ ውሰደው! ነገ ፀሐይ ሳትወጣ እርሻ ላይ እንዳገኝህ! ስብሰባው አጠገብ ብትደርስ ግን ወየውልህ!

[ኑርዬ ወደ ጓሮ ይሄዳል። አስረስ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ኑርዬ ጉራችን እየጎተተ በመስኮቱ በኩል ብቅ ይላል፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል።]

ኑርዬ፦ አላህ ይስጥህ አስረስ። ወላሂ ዛሬ ልጆቼን ነው የፈታህልኝ።

አስረስ፦ ሂድልኝ። አንተ የማትረባ ደደብ፣ የሳምንት ልፋቴን ገደል ከተትከው። አንድ ጥያቄ ማጥናት ያቅትሃል?

ኑርዬ፦ ኧረ አጥንቼ ነው የመጣሁት።

አስረስ፦ ከማን?

ኑርዬ፦ ከከበደ። «ጠያቂ ሁነኝ ሲልህ ጠይቀው፣ እስኪፈታልህ እንዳታቆም» አለኝ። እሱም በቅሎዋን ያስፈታት በፈረንሳይ ታሪክ ጊዜ እንደዚሁ ነው። ሀምዱ ደግሞ በቻይናው ጊዜ አህያውን አስፈታ። እኔ ያው ፈዛዛ ነኝ፣ እነሱ ቶሎ ነው የጨረሱ አሉ።

አስረስ [ቀስ ብሎ ይነሣል]፦ ለካ... ለካ በየስብሰባዬ ጠያቂ የሚጠፋብኝ... ወይኔ አስረስ! ካድሬው ነገ እዚህ ነው! ለነገ ጠያቂ ከየት ላምጣ?

ኑርዬ፦ አብሽር፣ ጠያቂማ አለህ። እትዬ ስህን ከጧት ጀምራ በር ላይ ተቀምጣለች፤ ፍየሏ በረቱ ውስጥ ናት።

አስረስ [ተስፋ አግኝቶ]፦ ስህን? እሷስ ጨዋ ናት፣ ብዙ አትናገርም። ስለ አሜሪካ አንድ ሁለት ጥያቄ ብታጠና...

ኑርዬ፦ «አሜሪካን ኑርዬ ጨርሶታል፣ ለእኔ ሩሲያን ያድርግልኝ» ብላለች።

አስረስ [ወደ በረቱ እየሮጠ]፦ ፍየሏ የታለች? የትኛዋ ናት? ኧረ ቶሎ በሉ፣ ይዛ ትሂድልኝ!