ላስቲኩ ካልተቀደደ

መርካቶ ውስጥ ተታሎ የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ጋሽ ይሄይስ ናቸው። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ጋሽ ይሄይስ ስለሆኑ ምንጩ የታመነ ነው። በርበሬ በረንዳ ላይ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ሲነግዱ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት አንድም ጆንያ አልሸወዳቸውም። ዘዴያቸው ቀላል ነው። እፍኝ ያነሱና ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ካስነጠሳቸው ኦርጅናል፣ ካላስነጠሳቸው ፎርጅድ። ሳይንስ ገና እዚህ አልደረሰም።

እንዲህ ያለ አፍንጫ በበርበሬ ብቻ ተወስኖ ቢቀር ለአገር ኪሳራ ነበር። ደግነቱ የሰፈሩ ዕድር ይህን ቀድሞ ተረድቶ ሊቀመንበር አደረጋቸው። መሳለሚያ አካባቢ ያለው ይህ ዕድር ሦስት መቶ አባወራ፣ ሁለት ድንኳን፣ አራት ጎላ እና አስከሬን የምታደርስ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ አለው። ሾፌሯ ምንይሉ ይባላል። ስምንት ዓመት ሲነዳ አንድም ተሳፋሪ ቅሬታ አቅርቦበት አያውቅም።

ታዲያ ይኸው ምንይሉ አንድ ቀን ሥራ አመራሩ ፊት ቀርቦ፣ የሞተሩ ዘይት መቀየሪያው ስለደረሰ የዘይትም የነዳጅም ማጣሪያ ይገዛልኝ አለ። ላላዋቂ ቀላል ጉዳይ ይመስላል። ሥራ አመራሩ ግን ሦስት ስብሰባ ተቀምጦ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ከመረመረ በኋላ ሁለት ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አሳለፈ። አንደኛ፣ ነዳጅ ከማደያ ተጣርቶ የሚመጣ በመሆኑና ደግሞ ማጣራቱ ሰው መጠራጠር ስለሚሆን፣ የነዳጁ ማጣሪያ ይቅር። ሁለተኛ፣ የዘይቱን ጋሽ ይሄይስ በአካል ሄደው ይምረጡ። ጸሐፊዋ እትዬ ሸዋገነት «በአካል» የሚለውን ሰርዘው ቃለ ጉባኤው ላይ «በአፍንጫቸው» ብለው አስተካከሉት።

ጋሽ ይሄይስ ምንይሉን አስከትለው ሶማሌ ተራ ወረዱ። የገቡበት ሱቅ የጠሀ ነው። ጠሀ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ያደገ፣ ብዙ ሰምቶ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው።

«የሞተሩን ቁጥር ይዛችኋል?» አለ።

ምንይሉ ወረቀቱን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል ጋሽ ይሄይስ እጁን ያዙት። «እኔ በቁጥር አልገዛም። ቁጥርማ ማንም ይጽፋል። ያለህን ደርድርልኝ።»

ምንይሉ ከጀርባቸው ሆኖ ወረቀቱን ለጠሀ አሳየው። ጠሀም አንድ ካርቶን ከፍቶ አምስት ማጣሪያ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። ጋሽ ይሄይስ አንኳኩ። በእጃቸው መዘኑ። ጆሯቸው ላይ አድርገው ወዘወዙ። ከዚያ ተራ በተራ ያሸቱ ጀመር። አንደኛው ዝም። ሁለተኛው ዝም። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ላብ ስላጠመቃቸው መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ፤ ያ መሐረብ ደግሞ ከሳቸው ጋር ሠላሳ ዓመት በርበሬ በረንዳ የኖረ ነው። አምስተኛውን እንዳነሱ ሱቁ እስኪናጋ አስነጠሱ።

«ይማርዎት ጋሼ» አለ ምንይሉ።

«ይኸ ነው ኦርጅናሉ!»

«ጋሼ፣ አምስቱም እኮ ከአንድ ካርቶን ነው የወጡት» አለ ጠሀ።

«ለዚህ እኮ ነው መምረጥ የሚያስፈልገው! ለመሆኑ ዕቃው ባይስማማን ትመልሳለህ?»

«ላስቲኩ ካልተቀደደ እመልሳለሁ። ከተቀደደ ግን የለም።»

ይህን ሲሰሙ የጋሽ ይሄይስ ዓይን በራ። አንድ ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ እሺ ብሎ ይረሳዋል። እሳቸው ግን የላስቲክን ነገር ያውቁበታል። ቤታቸው ያለው ሶፋ ከተገዛ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ላስቲኩ ዛሬም አልወለቀም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ነው። በሙቀት ወራት እንግዳ ከሶፋው ሲነሳ ቆዳው ሲላቀቅ ከጎረቤት ይሰማል።

ምንይሉ መኪናዋ ሥር ገብቶ አሮጌውን ማጣሪያ ፈታ። ከዚያ የአዲሱን አፍ የሸፈነውን ላስቲክ ሊቀድ ጥፍሩን ሲያሾል ከላይ ድምፅ መጣ።

«እጅህን ሰብስብ!»

«ጋሼ፣ ላስቲኩ እኮ አፉ ላይ ነው ያለው። ዘይቱ በየት ይግባ?»

«ኦርጅናል ከሆነ መግቢያውን አያጣም። ከቀደድከው መመለሻችን ቀረ ማለት ነው። ሦስት መቶ አባወራ ፊት ቆሜ ምን ልበል?»

«ሞተሩ ይቃጠላል ጋሼ። እመኑኝ።»

«እኔ ሊቀመንበር፣ አንተ ሾፌር። የሚታመነው ማን ነው?»

ምንይሉ የሚበላው ከዚህች መኪና ነው፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹም። ማጣሪያውን ከነላስቲኩ አሰረው። የመኪናዋ ማሰሪያ ብሎን ላስቲኩን መሐል ለመሐል ቦጭ አድርጎ በሳው፤ ዙሪያውን ያሉት የዘይት መግቢያዎች ግን እንደተሸፈኑ ቀሩ።

መኪናዋ ገና ከግቢ ሳትወጣ፣ በማግስቱ የዕድሩ አባል ጋሽ ወልደ ሚካኤል አረፉ። ምንይሉ አስከሬናቸውን ጭኖ፣ ጋሽ ይሄይስን ከጎኑ አስቀምጦ ጉዞ ወደ ቤተክርስቲያን ሆነ።

«ጋሼ፣ የዘይት መብራቱ በራ።»

«ምን ዓይነት ቀለም?»

«ቀይ።»

«ሚጥሚጣም ቀይ ነው። ንዳ!»

«ሞተሩ እየጮኸ ነው እኮ።»

«በለቅሶ ቀን ያልጮኸ መቼ ሊጮህ ነው?»

አብነት ሰፈር ሲደርሱ መኪናዋ ሦስቴ ተንገጫገጨች፣ ጢስ ተፋች፣ ቀጥ አለች። ጋሽ ወልደ ሚካኤል በሕይወት ሳሉ ቀጠሮ አሳልፈው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን በስድስት ጎረምሳ ትከሻ በታክሲዎች መሐል እየተሽሎከለኩ፣ ፍትሐቱ ሊያልቅ ሲል ደረሱ። የልጃቸው ዓይን ጋሽ ይሄይስ ላይ እንዴት እንዳረፈ ያየ ሁሉ አይቷል።

እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በዋዛ አይታለፍም። ማጣሪያውን የሚያጣራ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ስለ ማጣሪያው ከመረጡት ሰው በላይ የሚያውቅ ስለሌለም ጋሽ ይሄይስ ሰብሳቢ ሆኑ። ማጣሪያው ተፈትቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ሸዋገነት መነጽራቸውን ሰክተው አዩት።

«እንዲህ ያለ ንጹሕ ማጣሪያ አይቼ አላውቅም» አሉ።

«እንደተናገሩት ይጻፉት» አሉ ጋሽ ይሄይስ።

ምንይሉ እጁን አወጣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ቆሻሻ አላሳለፈም፤ እሺ። ዘይትስ አሳልፏል?»

ጋሽ ይሄይስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥያቄው ከኮሚቴው ተልእኮ ውጭ ነው። እኛ የተሰየምነው የማጣሪያውን ንጽሕና ለማጣራት ነው።»

ጥሩ ማጣሪያ ቆሻሻውን ያስቀርና ዘይቱን ያሳልፋል፤ ጥሩ አጣሪ ኮሚቴ ደግሞ ዘይቱን ያስቀርና ቆሻሻውን ያሳልፋል። የሪፖርቱ መደምደሚያ እንዲህ ይላል፦ «ማጣሪያው በሥራ ላይ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ቅንጣት ቆሻሻ ያላሳለፈ በመሆኑ ምስጉን ነው። በአንጻሩ ሾፌሩ ቀይ መብራት እያየ የነዳ በመሆኑ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል።» ዓይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው። እትዬ ሸዋገነት ሲፈርሙ ቀና ብለው ምንይሉን ማየት አልቻሉም። እሱም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እንባው ሳይቀድመው ወጣ። ስምንት ዓመት ያገለገለበትን ነገር ማንም አላነሳውም።

ጋሽ ይሄይስ በበኩላቸው ማጣሪያውን በጋዜጣ ጠቅልለው ጠሀ ዘንድ ሄዱ።

«መልስ።»

ጠሀ አገላብጦ አየው። «መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው እኮ ጋሼ።»

«ቃልህ ምን ነበር?»

«ላስቲኩ ካልተቀደደ።»

«ታዲያ ይኸ ተቀዷል ወይስ ተበስቷል?»

ጠሀ አሰበ። «ተበስቷል።»

«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። እኔ አያያዝ ስለማውቅ አልተቀደደም።»

ጠሀ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ገንዘቡን መለሰ፤ ማጣሪያውንም በጨርቅ ወልውሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ጠቅላላ ጉባኤው የአንድ ማጣሪያ ዋጋ ላስመለሱት ሊቀመንበር ቆሞ አጨበጨበ። ለተቃጠለው ሞተር በየቤቱ መዋጮ ተጣለ፤ ይህ ግን ሌላ አጀንዳ ስለሆነ ከጭብጨባው ጋር አልተያያዘም።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሞተር ተገጠመ። ሞተር ካለ ማጣሪያ አለ፤ ማጣሪያ ካለ ጋሽ ይሄይስ አሉ። ጠሀ ሱቅ ደጃፍ ሲደርሱ ቱታ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ የመኪና ዘይት ይቀይራል። ምንይሉ ነበር። ጠሀ ሥራ ሰጥቶታል። ጋሽ ይሄይስ ሰላምታውን በግማሽ መልሰው ገቡ፤ ከመደርደሪያው አምስት ማጣሪያ ራሳቸው አውርደው አንኳኩ፣ ወዘወዙ፣ ፊታቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ፣ አስነጠሱ።

«ይኸ ነው! እይ፣ መተንፈሻ ቀዳዳ ሁሉ አለው። ፎርጅዶቹ ላይ የታለ?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ይኸ ያኔ የመለሱት ነው» አለ ጠሀ።

«እኔ የመለስኩትን ዕቃ ደግሜ የምገዛ ሰው ነኝ? ተታልዬ አውቃለሁ?»

«አያውቁም» አለ ጠሀ ተሸንፎ።

ምንይሉ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። ቂም ቢይዝ ማን ይፈርድበት ነበር? ግን መኪናዋ አሳዘነችው። «ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ላስቲኩን እዚሁ ልቅደድልዎ።»

ጋሽ ይሄይስ ማጣሪያውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሳቁ። «እኔን? መመለሻዬን?» አሉና እንዳስነጠሱ ወጥተው ሄዱ።

ጠሀ ከመጋዘን ሌላ ማጣሪያ አምጥቶ መደርደሪያው ላይ የተከፈተውን ቦታ ሊሞላ ሲል ምንይሉ ክንዱን ያዘው።

«ተው፣ አትሙላው» አለ። «ይመለሳል።»