ለደወሉ ብረት የቆመ ዋስ

ሰው ሥልጣን ለመልመድ ስንት ጊዜ የሚፈጅበት ይመስላችኋል? ዓመት? ሁለት ዓመት? እኔን አንድ ከሰዓት በቃኝ። ያውም ትልቅ ሥልጣን እንዳይመስላችሁ። ሶዶ፣ ከዳሞት ተራራ ግርጌ በነበረ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አለቃ ነበርኩ። ሥራዬ ጠዋትና ማታ ስም መጥራት፣ መኝታ ቤቱ መጠረጉን ማየትና የረባሽ ስም ጽፎ ለዲሬክተሩ መስጠት ነው። ሌላ የለም። የቀረውን ራሴ ጨመርኩበት።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። እሱ ምን አደረገ? አብልቶ አስተማረን። ጥፋቱ የኛ ነው፤ በተለይ የኔ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ነባሮቹ ሳያንገላቱት አይቀበሉትም። እኔ ስገባ በርሜል ሰላም እንድል ታዘዝኩ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት አንድ ትልቅ በርሜል ነበር። የትምህርት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰላም በላቸው አሉኝ። እኔ ደግሞ ሥርዓት ይዤ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ቆቤን አወለቅሁ። እንደምን ዋሉ አልኩ። ስለ ልጆቻቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ከብቶቻቸው ጠየቅሁ። በርሜል ከብት እንደሌለው ጠፍቶኝ መሰላችሁ? አዲስ ገብ ግን የታዘዘውን ያደርጋል። ከበርሜሉ ጀርባ የተደበቀው ነባር ድምፁን አወፍሮ፣ ከብቶቹ ደህና ናቸው፣ አንተ ግን ዓመቱን ሙሉ ለኔ ውኃ ትቀዳለህ አለኝ። ቀዳሁለት። ሸሚዙንም አጠብኩለት። ቅር ያለው ቀን በጥፊ ይለኝ ነበር፤ እሱንም ቻልኩለት።

ከሻንቶ የመጣ አንድ ጓደኛዬማ ዳሞትን እንዲጠብቅ ታዘዘ። ሌባ እንዳይወስደው ነው አሉት። ልጁ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት ላይ ጉም ወረደና ተራራውን ሸፈነው። እየሮጠ መጣና፣ ዓይኔን አልነቀልኩም፣ ግን ተራራው የለም ብሎ ሪፖርት አደረገ። በሳቅ ሞትን። እሱም አብሮን ሳቀ። ዛሬ ሳስበው ያን ያህል የሳቅሁት የዚያን ቀን ተራው የኔ ስላልነበረ ነው።

በአራተኛ ዓመቴ የአለቃ ምርጫ መጣ። ዲሬክተሩ ሁላችንንም ሰብስቦ እጅ አስወጣ። እኔ ከምርጫው በፊት መኝታ ቤት ለመኝታ ቤት እየዞርኩ፣ እኔ ከተመረጥኩ አዲስ ገብ ማንገላታት ይቀራል ብዬ ነበር። ከልቤ ነው ያልኩት። ትንንሾቹ ሁለት ሁለት እጅ አወጡልኝ። ተመረጥኩ።

በሳምንቱ ነባሮቹ ተሰብስበው አልጋዬ ዘንድ መጡ። እኛ ያን ሁሉ ውኃ የቀዳነው ለምን ነበር አሉኝ። ገና ተራችን ሲደርስ ነው የምታስቀረው? እውነቱን ልንገራችሁና መልስም አልፈለግሁላቸው። እኔም ቀድቼ የለ? ስለዚህ አስታራቂ ሐሳብ አመጣሁ። ጥፊ ይቀራል፣ ውኃ ማስቀዳት ይቀራል፣ በምትኩ ፍርድ ቤት እናቋቁማለን አልኩ። ይህን ማሻሻል ብዬ ነው የጠራሁት።

በዚያ ጊዜ ሰው ሌላውን ሰው በንጉሥ አምላክ ቁም ካለው መቆም ግዴታ ነበር። ገበያ መሀልም ይሁን መንገድ ላይ። ከዚያ ዳኛ ዘንድ ይኬዳል፣ ዳኛው ዋስ ጥራ ይላል፣ ዋስ ያጣ ይታሰራል። ይህን የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። እኛም ጨዋታችንን ከዚያ ወሰድን። ደወላችን ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ የሚመታውም በአንድ ክንድ በምታህል ብረት ነው። ብረቷን ወስጄ ትራሴ ሥር ደበቅኋት። ቅዳሜ ከሰዓት አዲሶቹን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሰበሰብናቸው። ብርድ ልብሴን እንደ ካባ ለብሼ ወንበር ላይ ተሰየምኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ በንጉሥ አምላክ እየተባሉ የመንግሥትን ብረት ሰርቃችኋል ተብለው ተከሰሱ። የጨዋታው ብልሃት ቀላል ነው። ልጁ ከነባሮቹ አንዱን ዋስ ይጠራል፤ ዋስ የሆነው ነባር ደግሞ እስከ ገና ድረስ የልጁን የእሑድ ዳቦ ይበላል። አብዛኞቹ ቶሎ ገባቸው። እየሳቁ ዋስ ጠሩ፣ እየሳቁ ዳቦ ሸኙ።

አንጁሎ ግን አልሳቀም። አንጁሎ ከቤሌ ማዶ፣ ከቆላው የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። ከመጣ አምስት ቀኑ ነበር። አፉን በአማርኛ ገና አልፈታም። አልወሰድኩም አለ። ዋስ አለህ ወይ አልኩት። ጥቂት አሰበና አለኝ አለ። ማነው ስለው፣ አባቴ ነው አለ። ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። እኔም ድምፄን የዳኛ አድርጌ፣ እስከ ማክሰኞ አቅርብ፣ አለዚያ ከትምህርት ቤት ትባረራለህ ብዬ ፈረድኩ። ቃሉን ስናገር እንዴት ደስ እንዳለኝ አሁንም ትዝ ይለኛል። የማፍረውም በዚሁ ነው።

እሑድ ጠዋት ስም ስጠራ አንጁሎ የለም።

ቤሌ በእግር ስንት እንደሚርቅ የሄደበት ያውቀዋል። የልጁ ቤት ደግሞ ከቤሌም ያልፋል። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ዲሬክተሩ ዘንድ ሄጄ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። አንጁሎስ ስባል ታሟል ብዬ መለስኩ። ሰኞም ታሟል አልኩ። ልጁ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ገዳዩ እኔ ነኝ። ቤቱ ገብቶ በዚያው ቢቀርም ትምህርቱን ያስጣልኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ዘበኛው አንድ ሰውዬ አስከትሎ መጣ። ከኋላቸው አንጁሎ አለ፤ እግሩ ቆስሎ ያነክሳል። ሰውዬው በር ላይ የደወሉ ዳኛ የት ነው የሚያስችሉት ብለው ጠይቀው ነው ዘበኛው ያመጣቸው። ልጆቹ ወደኔ ጠቆሙ። እኔ የበቆሎ ቂጣ በእጄ ይዣለሁ።

አባትየው ጋቢያቸውን አደግድገው እፊቴ ቆሙ። ዕድሜያቸው የአባቴ ነው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። "ጎዳው" አሉኝ። በወላይትኛ ጌታዬ ማለት ነው። ከዚያ በወላይትኛ ተናገሩ። ቋንቋውን አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ አፌን የፈታሁበት ነው። ነገር ግን የሶዶ ዳኛ በአስተርጓሚ እንደሚሰማ አይቼ ነበርና አንጁሎ እስኪያስተረጉም ጠበቅሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ልጁ የአባቱን ቃል በተሰባበረ አማርኛው ነገረኝ፤

"ልጄ አልወሰድኩም ብሎኛል፣ እኔም አምኜዋለሁ። ግን የመንግሥት ብረት ጠፍቶ ዝም አይባልም። የደወሉ ብረት እስኪገኝ ይህን ያዙልኝ።"

ከጋቢያቸው ሥር ማረሻ አወጡ። የእርፉን ጫፍ ብረት፣ መሬት የሚገባውን። አፈሩ አልተራገፈም፤ ጫፉም በሥራ ብዛት አልቋል።

ያ ሁሉ ሳቂታ ተማሪ ወጡን ይመለከታል። የዲሬክተሩ ቢሮ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። የደወሉ ብረት ትራሴ ሥር ነው። አባቴ፣ ጨዋታ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በቋንቋቸው ብላቸው ደግሞ ሦስት ቃል አይፈጅም። ግን አለቅነቴን አሰብኩ። መባረሬን አሰብኩ። ይልቁንም ልጆቹ በኔ ሲስቁ ታየኝ። እጄን ዘርግቼ ማረሻውን ተቀበልኩና "ተቀብያለሁ፣ ልጁ ተለቋል" አልኩ።

መረቁኝ። እደግ አሉኝ። ውኃ እንኳ ሳይጠጡ የመጡበትን መንገድ ተመለሱ።

በማግሥቱ ብረቷ ቦታዋ ተገኘች፤ ደወሉም ተደወለ። ማረሻውን አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ለገና ልጆች ወደየቤታቸው ሲሄዱ በአንጁሎ እልከዋለሁ አልኩ። ገና ሲደርስ ደግሞ ብረቱን ማን አገኘው፣ የት ተገኘ ብለው አባትየው ቢጠይቁስ አልኩ። ለፋሲካ አልኩ። አንድ ቀን አንጁሎ መኝታ ቤቴ ገባ። ጎንበስ ብሎ አልጋዬ ሥር አየ። እኔ መጽሐፍ የማነብ መሰልኩ። ወጥቶ ሄደ። ጨዋታ መሆኑን ያን ጊዜ ሰምቶ ነበር፤ ማንስ ሳይነግረው ይቀራል? ትምህርቴን ጨርሼ ስወጣ ማረሻውን የወጥ ቤት ሠራተኞች ከአልጋዬ ሥር ወስደው እንጨት መፍለጫ አድርገውት ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ ዲሬክተሩ ምስጉን አለቃ ብሎ ምስክር ወረቀት ሰጠኝ። እስካሁን አለኝ።

ዓመታት አለፉ። እኔ ሶዶ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። ዓምና ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሳችን ቦዲቲ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ወርደን ስንጠብቅ አንድ ነጭ ካፖርት በክንዱ የያዘ ሰው ጋሼ ብሎ ጨበጠኝ። አንጁሎ ነው። ድሬሰር ሆኗል፤ ክሊኒክ ውስጥ ነው የሚሠራው። ደስ አለኝ፣ ደነገጥኩም። ስለ ኑሮ፣ ስለ ዝናቡ ብዙ ካወራን በኋላ አላስችል አለኝና ስለ ማረሻው አነሳሁ። አባትህ ዘንድ መጥቼ እግራቸው ላይ ልውደቅ አልኩት።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው አለኝ። እስኪያርፍ ድረስ የደወሉ ብረት ተገኘ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር አለ። አንተስ ምን አልካቸው አልኩት። አልተገኘም እል ነበር አለኝ። ለምን? ተገኘ ብትል ማረሻቸውን ይወስዱ አልነበር?

"ተገኘ ካልኩት ሊወስድ ይመጣላ፣ ጋሼ" አለኝ። "አባቴን ሁለተኛ እናንተ ፊት አደግድጎ ከማየው፣ ማረሻው ይቅር ብዬ ነው።"

ጎማ የሚቀይሩትን ሰዎች ማየት ጀመርኩ። እሱ ግን ጨዋ ነው፤ በኔ እንደማይቀየም፣ ልጆች እንደነበርን ነገረኝ። ቀለል አለኝ። ሰው ይቅር ሲባል ቶሎ ነው የሚቀለው። ከዚያ ስለ እህቱ ስለ ባሎቴ አነሳ። በዚያ ዓመት ትምህርት ልትጀምር ነበር። ማረሻው ሲሄድ መሬቱ በዶማ ሊቆፈር ሆነ። አባት ብቻቸውን አይችሉም፣ አንጁሎ ትምህርት ቤት ነው፤ ስለዚህ ባሎቴ ቀረች። በዓመቱ ሌላ ማረሻ አገኙ። እሷ ግን ቆፋሪ ሆና ለምዳ ነበር፤ ቆየት ብላም ተዳረች።

እንግዲያው እሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ነገ ዛሬ ሳልል ረጅም ደብዳቤ እጽፍላታለሁ አልኩት። አንጁሎ ሳቅ አለ።

"ደብዳቤ አይጻፉላት፣ ጋሼ። ማንበብ አትችልም። ይምጡ።"

ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው። የቤሌ መኪና ጠዋት ጠዋት ከሶዶ ይነሳል። ሁለት ጊዜ ተሳፍሬ ሁለቴም ወርጃለሁ። እፊቷ ቆሜ የምናገረው ጠፍቶኝ ነው። በጽሑፍ ከሆነ ግን አልታማም። ይኸው፣ ጻፍኩት።